የጽሕፈት ሰሌዳ ስለ መምረጥ

ሰው የሚጽፈው ስለ ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ራሱ እንዳይረሳው፥ ሁለተኛውም እርሱ በሌለበት ስፍራና ዘመን ቃሉ ስለ እርሱ ሆኖ እንዲናገር ነው። ስለዚህም አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ብለው ተረቱ። ነገር ግን ሲተርቱ መጽሐፉ በምን ላይ ይጻፍ እንደ ሆነ አልነገሩንም፤ በእነርሱ ዘመን ይህ ጥያቄ አልነበረምና። ብራና ነበረ፤ የመቃ ብርዕ ነበረ፤ ከጥቀርሻ የተበጠበጠ ጥቁር ቀለም፥ ለከበሩትም ስሞች ቀይ ቀለም ነበረ። በእኛ ዘመን ግን የሚጻፍበት ነገር እጅግ ስለ በዛ፥ ሰው ከመጻፉ አስቀድሞ መምረጥ ግድ ሆኖበታል። እኔም በዚህ ምርጫ ተይዤ ብዙ ወራት ስለ ደከምሁ፥ ከድካሜ ያገኘሁትን ለአንባብያን ላካፍል ወደድሁ።

የምኖረው በአዴት ነው። አዴት ከባሕር ዳር በስተ ደቡብ 42 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ በይልማና ዴንሳ ወረዳ፥ በጤፍና በስንዴ በድንችም እርሻ መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት። የእርሻ ምርምር ማእከል ስላለባት በዘር ሊቃውንት ዘንድ ስሟ የታወቀ ነው። ነገር ግን ከምርጥ ዘሩ አስቀድሞ አገሩ የቅኔ አገር ነው፤ የዋሸራና የጎንጅ ስም የቅኔ ተማሪ ባለበት ሁሉ ይጠራል። የዕለት እንጀራዬን የማገኘው በመንግሥት ትምህርት ቤት በማስተማር ነው፤ በልጅነቴ ግን ደበሎ ለብሼ፥ አኮፋዳ ይዤ፥ ከደጅ ወደ ደጅ እየለመንሁ ቅኔ የተማርሁ ሰው ነኝ። ያስተማሩኝ የኔታም ዛሬ በሕይወት አሉ። ዓይናቸው ከጠፋ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗል፤ ልባቸው ግን ብሩህ ነው።

ቅኔ ከቤተ ክህነት ወገን ላልሆነ አንባቢ ጥቂት ማስረዳት ያስፈልገዋል። ቅኔ እንደ ዳዊት ተጽፎ የተቀመጠ አይደለም። ባለቅኔው ለዕለቱ በዓል ያፈልቀዋል፤ በማኅሌቱ ቆሞ ይናገረዋል፤ ከዚያ በኋላ በሰሚው ልብ ካልቀረ እንደ ጢስ በንኖ ይጠፋል። ትናንት የተነገረውን ዛሬ እንደ አዲስ አድርጎ ማቅረብም በሊቃውንት ዘንድ ነውር ነው። ስለዚህ አንድ መምህር ስድሳ ዓመት ሙሉ ሲቀኝ ኖሮ፥ ከሞቱ በኋላ የሚገኝለት ቅኔ በጣት የሚቈጠር ሊሆን ይችላል። እኔም ይህን ፈርቼ፥ የየኔታን ቅኔ፥ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ፥ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዐሥራ አንድ ደብተር ጻፍሁ። ደብተሮቹንም በእንጨት ሣጥን አድርጌ፥ ሣጥኑን በቤቴ ማእዘን በአፈሩ ላይ አኖርሁ።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ሲወጣ ሣጥኑን ከፈትሁት። ላይኞቹ ስምንት ደብተሮች ደኅና ነበሩ። ከሥር የነበሩትን ሦስቱን ለማንሣት ሳስብ ግን ልባሳቸው ብቻ በእጄ ቀረ፤ ውስጡን ምስጥ በልቶ አፈር አድርጎታል። ወደ የኔታ ሄጄ አልቅሼ ነገርኋቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው፥ «ልጄ፥ እኔ የሰጠሁትን አልቈጥርም፤ የተቀበልህ አንተ ነህ» አሉኝ። ይህ ቃል ከወቀሳ ይልቅ ከበደኝ። እውነትም እርሳቸው የወለዱትን በቃላቸው ሰጥተዋል፤ ያልጠበቅሁት እኔ ነኝ።

በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ የሚኖር የእኅቴ ልጅ ይህን በሰማ ጊዜ፥ «ጋሼ፥ ምስጥ የማይበላው ወረቀት አለና እርሱን ልላክልዎ፤ የሚፈልጉትን ዓይነት ብቻ መርጠው ይንገሩኝ» አለኝ። ወረቀት ያለውም ኢ-ኢንክ ታብሌት የሚባለውን፥ በእጅ የሚጻፍበትን ሰሌዳ ነው። የእኔም ድካም የጀመረው «መርጠው ይንገሩኝ» ካለኝ ቀን ወዲህ ነው።

አስቀድሜ ነገሩ ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ፈለግሁ። በእጃችን የያዝነው ስልክ ገጹ የሚታየው ከውስጡ ብርሃን ስለሚያበራ ነው፤ ስለዚህ በፀሐይ ይደበዝዛል፥ ዓይንም ያደክማል፥ ባትሪውንም ቶሎ ይጨርሳል። ይህ ሰሌዳ ግን እንደ ወረቀት ከውጭ በሚወድቅበት ብርሃን የሚታይ ነው። በገጹ ውስጥ የሰው ጠጉር ውፍረት ያህል ብቻ ስፋት ያላቸው ብዙ ጥቃቅን ከረጢቶች አሉ። በያንዳንዱም ከረጢት በጠራ ፈሳሽ ውስጥ ነጭና ጥቁር ብናኝ እንደ ሠርገኛ ጤፍ ተደባልቆ ይገኛል። ነጩና ጥቁሩ የተለያየ የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው፥ ኤሌክትሪኩ አንዱን ወደ ላይ ሲስብ ሌላው ወደ ታች ይወርዳል፤ ነጩ በወጣበት ገጹ ነጭ፥ ጥቁሩ በወጣበት ፊደል ይሆናል። አንድ ጊዜ ከወጣም በኋላ ኤሌክትሪኩ ቢቋረጥ እንኳ በስፍራው ይቈያል። ኃይል የሚፈጀው ገጹ ሲለወጥና ሲጻፍበት እንጂ ሲነበብ ስላልሆነ፥ አንድ ጊዜ የተሞላ ባትሪ ብዙ ቀን ይቈያል። መብራት ከሚበራበት ሰዓት የሚጠፋበት ሰዓት በሚበዛበት አገር ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ይህን ቀለም ለገበያ ያበቃው ኢ ኢንክ የሚባለው ኩባንያ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1997 በማሳቹሴትስ ከኤም አይ ቲ በወጡ ሰዎች ተመሠረተ፤ ከ2009 ጀምሮም ባለቤቱ የታይዋን ኩባንያ ነው። በ2004 ሶኒ በጃፓን አገር፥ በ2007 ደግሞ አማዞን ኪንድል ብሎ፥ በዚህ ቀለም የሚነበብ መሣሪያ አወጡ። እነዚህ ግን የሚነበብባቸው እንጂ በእጅ የሚጻፍባቸው አልነበሩም። ለእጅ ጽሕፈት የተሠራው የኖርዌዩ ሪማርከብል በ2017 ለገዢ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ቡክስና ሱፐርኖት የሚባሉት የቻይና ሥራዎች ስማቸው ታወቀ፤ አማዞንም በ2022 ኪንድል ስክራይብን አወጣ። ስለዚህ መራጩ ሲመርጥ የገጹ ቀለም ምንጭ አንድ እንደ ሆነ ይወቅ፤ ልዩነቱ ያለው በብርዑ፥ በአሠራሩና ጽሑፉን በሚይዝበትና በሚሰጥበት መንገድ ነው።

በባሕር ዳር የሚኖር አንድ ወዳጄ ከእነዚህ ሰሌዳዎች አንዱን ከውጭ አምጥቶ ነበርና፥ እባክህ ለሦስት ቀን አውሰኝ ብዬ ለመንሁት። ወደ አዴት ይዤ ተመልሼ በደጃፌ በፀሐይ ተቀምጬ ጻፍሁበት። እውነት እናገራለሁ፥ እጅግ ደስ አለኝ። ብርዑ ባትሪ የለውም፤ ከሰሌዳው ከራሱ በሚወጣ የማግኔት ኃይል ይሠራል። በገጹም ላይ ሲሄድ እንደ ወረቀት ይነክሳል እንጂ እንደ መስተዋት አያንሸራትትም። በፊደላችን ፈተንሁት። በ«ሊ»ና በ«ሌ» መካከል ያለው ልዩነት በእግሩ ያለች አንዲት ቀለበት ናት፤ ቀለበቲቱ ካልታየች ቃሉ ይለወጣል። እኔም እጄን አሳንሼ ብጽፍ ቀለበቲቱ ታየች። መስመር የተሰመረበት ገጽ፥ ያልተሰመረበትም ገጽ በፈለግሁት ጊዜ ይወጣልኛል። ጸሐፊው በብራናው ዳር በወስፌ እየወጋ ያለ ቀለም የሚያሰምረውን መስመር አስቤ ሣቅሁ። የተጻፈውን አጥፍቼ እንደ ገና በጻፍሁ ጊዜም የቀድሞው ፊደል ጥላ በስሱ ይታያል፤ ይህም ተፍቆ እንደ ገና የተጻፈበትን ብራና ይመስላል።

ያን ጊዜ በወረቀት ላይ መመዘኛ ጻፍሁ። አንደኛ፥ ያለ ኢንተርኔት መሥራት አለበት። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበረ ሁላችን እናውቃለን። ጽሑፉን በሩቅ አገር መዝገብ ብቻ የሚያኖር መሣሪያ በዚያ ወራት ለባለቤቱ የተዘጋ ቤት ይሆንበት ነበር። ሁለተኛ፥ በየወሩ ገንዘብ የሚያስከፍል መሆን የለበትም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፥ 57 ብር ያህል የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏልና፥ በዶላር የሚከፈል የወር ግብር ለመምህር ደመወዝ አይሆንም። ሦስተኛ፥ የእጅ ጽሕፈትን ወደ ማተሚያ ፊደል ይለውጣል ስለሚሉት ነገር ገንዘብ አልጨምርም። ገዢ ይህን ምስጋና ሲሰማ «የእኔን ፊደል ያውቃልን?» ብሎ አስቀድሞ ይጠይቅ። ፊደላችን በዓለም የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ በዩኒኮድ የገባው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1999 ነው፤ መዝገብ መግባቱ ግን የሰውን እጅ ጽሕፈት አንብቦ ከማወቅ ጋር አንድ አይደለም።

አራተኛውና የልቤ ፈቃድ የነበረው ቀይ ቀለም ነው። የከበረ ስም በቀይ ተጽፎ ማየት የለመደ ዓይን በጥቁር ብቻ አይረካም። ቀለማት የሚያሳዩ አዲሶች ሰሌዳዎች እንዳሉ አነበብሁ። ከነዚህ አንዳንዶቹ በገጹ ላይ የቀለም ማጣሪያ ስላለባቸው ገጹ ከጥቁርና ነጩ ይልቅ ይጠቍራል፤ ዋጋቸውም ይበልጣል። ይሁን እንጂ ልቤ ወደ ቀይ ቀለም አዘነበለ፤ ለእኅቴም ልጅ ባለ ቀለሙን ላክልኝ ብዬ ልጽፍለት ተነሣሁ።

ነገር ግን ሰሌዳውን ለባለቤቱ ከመመለሴ በፊት ለየኔታ ላሳያቸው ብዬ ወደ ጉባኤ ቤቱ ወሰድሁት። «ላሳያቸው» ማለቴን አንባቢ ይቅር ይበለኝ፤ ማሳየት የማይቻል መሆኑን የረሳሁት ከደስታዬ ብዛት ነው። የኔታ በእጃቸው ተቀብለው ዳሰሱት፤ ወደ አፍንጫቸውም አቅርበው አሸተቱት።

«ብራና አይደለም፤ ሽታ የለውም» አሉ።

«አዎን፥ የኔታ፥ ብራና አይደለም። ነገር ግን ሺህ ደብተር የሚሆን ጽሕፈት ይይዛል፤ ምስጥም አይበላውም» አልሁ።

«ማኅደር አለውን?»

«አለው።»

«እንግዲያውስ መጽሐፍ ነው። ግለጠውና አንብብልኝ።»

ልገልጠው ብሞክር ሰሌዳው ተዘግቶ ኖሮ የምሥጢር ቍጥር ጠየቀኝ። ወዳጄ ሲሰጠኝ ነግሮኝ ነበር፤ እኔ ግን ቍጥሩን ረሳሁት። በስልክ ብፈልገው አላገኘሁትም። የኔታ ዝምታዬን ሰምተው፥ «ምነው?» አሉኝ። ነገሩን ነገርኋቸው።

የኔታም እንዲህ አሉ፤ «ባለቤቱ ሳይሞት እንዲህ ከሆነ፥ ሲሞት ማን ይከፍተዋል? እኔ የተማርሁበትን መጽሐፍ ጸሐፊውን አላውቀውም፤ ከሞተ ብዙ ዘመን ነው። መጽሐፉን ግን ፊደል የቈጠረ ሁሉ ሲገልጠው ይገለጥለታል። አንተ የእኔን ቃል ለራስህ የምታኖረው ከሆነ ልብህ ይበቃሃል። ለሌላ የምታኖረው ከሆነ ግን፥ እንዴት እንደሚገባ ሳይሆን እንዴት እንደሚወጣ ጠይቅ።»

አንባቢዬ ሆይ፥ እኔ ወር ሙሉ ስመዝን የነበረው የመግባቱን ነገር ነበር። ብርዑ እንዴት ይነክሳል፥ ቀለበቲቱ ትታያለችን፥ ቀይ ቀለም አለውን፥ ይህ ሁሉ ጽሑፉ ወደ ሰሌዳው የሚገባበት መንገድ ነው። የሚወጣበትን ግን ዓይን የሌላቸው ሽማግሌ አዩት። ምስጥ የበላቸው ደብተሮችም የጠፉት ወረቀት ስለ ሆኑ አይደለም፤ አንድ ብቻ ስለ ነበሩ፥ በአንድ ቤት፥ በአንድ ሰው እጅ፥ በአፈር ላይ ስለ ተቀመጡ ነው። ሰሌዳውም ያለ ግልባጭ ቢቀመጥ ሌላ ሣጥን ነው፤ ምስጡም የምሥጢር ቍጥር፥ የተሰበረ መስተዋት፥ ወይም ያረጀ ባትሪ ይሆናል።

በዚህ ጊዜ የእኅቴ ልጅ በሚኖርበት በሚኒሶታ ያለ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1973 ጀምሮ በአገራችን አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ያሉ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲነሡ፥ አንዱ ቅጅ በአዲስ አበባ ሲቀር፥ አንዱ በሚኒሶታ በኮሌጅቪል ወዳለው ወደ ቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ይላክ ነበር። እንዲህ ሆነው ከ9 ሺህ በላይ መጻሕፍት ተነሥተዋል፤ ሊቁ ጌታቸው ኃይሌም ረጅም ዘመን ዝርዝራቸውን ሲጽፉ ኖረው በ2021 ዐረፉ። ሥራው ሲጀመር በአገሪቱ አብዮት ይፈነዳል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ሁለት ቅጅ በሁለት አገር መኖሩ ግን በዚያ ሁሉ ዘመን ጠቀመ። ማይክሮፊልሙም እንደ ሰሌዳው መሣሪያ ነው፤ ጽሑፉን የጠበቀው የመሣሪያው ብልጫ ሳይሆን፥ ግልባጩ በሁለት ስፍራ መቀመጡና ምን የት እንዳለ የሚያስታውቅ ዝርዝር መጻፉ ነው።

ስለዚህ መመዘኛዬን ቀድጄ ሌላ ጻፍሁ። ጽሑፉ ያለ ኢንተርኔት፥ ያለ ኩባንያው መዝገብ፥ በገመድ ወይም በካርድ ይወጣልን? የሚወጣውስ ማንም ኮምፒውተር በሚያነበው በፒዲኤፍ ነውን? እነዚህ ሰሌዳዎች በእጅ የተጻፈውን ብዙውን ጊዜ በየራሳቸው ቅርጽ ስለሚያኖሩት፥ ካልተለወጠ በቀር ሌላው መሣሪያ አያነበውም። ባትሪው ሲያረጅ እዚሁ ይለወጣልን? የምሥጢር ቍጥር ካላኖርሁበት ያለ ቍጥር ይከፈታልን? ከቀይ ቀለም በፊት እነዚህ አራቱ ይቅደሙ አልሁ።

በዚህ ሚዛን ብዙዎቹ መልካም ሆነው ሳለ ለእኔ አነሡ። ኪንድል ስክራይብ ገጹ የጠራ፥ ብርሃንም ያለው ነው፤ ነገር ግን ከአማዞን መዝገብ ጋር የተሳሰረ ነው። ሪማርከብል በቀጭንነቱና በብርዑ የሚመሰገን ነው፤ በገመድም ከኮምፒውተር ጋር ይገናኛል፤ ባትሪውን ግን ባለቤቱ በቤቱ እንዲለውጥ ሆኖ አልተሠራም። ቡክስ በአንድሮይድ የሚሠራ ስለ ሆነ ብዙ ዓይነት መጽሐፍና ፊደል ይቀበላል፤ ነገር ግን እንደ ስልክ ብዙ ነገር ስለሚችል ጸሐፊውን ከጽሕፈቱ የሚያናውጥ መስሎ ታየኝ። በመጨረሻ ሱፐርኖት ኖማድ የሚባለውን መረጥሁ። ገጹ 7.8 ኢንች ብቻ ሆኖ የዳዊት ያህል ነው፤ ጀርባው ይከፈታል፤ ባትሪው በባለቤቱ እጅ ይለወጣል፤ ካርድ የሚገባበትም ስፍራ አለው። ቀይ ቀለም በገጹ አያሳይም። ከውስጡም ብርሃን ስለሌለው በሌሊት እንደ ወረቀት በኵራዝ አጠገብ ይጻፍበታል። ሌላው ሰው በሌላ ኑሮ ሌላውን ቢመርጥ አልነቅፈውም፤ ዐይነ ደካማ ሰው ብርሃን ያለውን፥ ሥዕል የሚሥል ሰው ቀለም ያለውን ቢመርጥ ይገባዋል። ሚዛኑን ግን ከእርሱ በኋላ ከሚያነበው ሰው ይጀምር።

ሰሌዳው በደረሰኝ ቀን በመጀመሪያው ገጽ ላይ እንደ ቀድሞ ጸሐፍት ልማድ የመጽሐፉን ባለቤት ስም ጻፍሁ። እነርሱ ከባለቤቱ ስም ቀጥለው የሰረቀውንና የፋቀውን ያወግዙ ነበር። እኔ ግን በእርግማኑ ፋንታ፥ ሰሌዳው እንዴት እንደሚከፈት፥ ጽሑፉም እንዴት እንደሚወጣ፥ የወጣውም የት የት እንደ ተቀመጠ ጻፍሁ። ያንኑም በወረቀት ጽፌ በማኅደሩ ውስጥ ከተትሁት። የምሥጢር ቍጥር አላኖርሁበትም። በወሩ መጨረሻ የተጻፈውን በፒዲኤፍ አውጥቼ፥ ባሕር ዳር ስወርድ በወረቀት አሳትመዋለሁ። አንዱን የወረቀት ቅጅ በቤቴ ከምድር ከፍ ባለ መደርደሪያ፥ አንዱን በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት አኖራለሁ፤ ኢንተርኔት ሲገኝ ደግሞ አንዱን ወደ ሚኒሶታ እልካለሁ። በዚህ ዓይነት ሰሌዳው የጽሑፉ መቀመጫ ሳይሆን መንገዱ ሆነ።

ሥራ በጀመርንበት ሳምንት የሆነውን አንድ ነገር ልጨምር። የኔታ አንድ መወድስ ነግረውኝ ስጽፍ፥ በመካከሉ «ሠረቀ» የሚል ቃል መጣ። ጽፌ ጨርሼ መልሼ አነበብሁላቸው። በዚያ ቃል ሲደርሱ አቆሙኝና፥ «በየትኛው ጻፍኸው? በንጉሡ ሠ ነው ወይስ በእሳቱ ሰ?» አሉኝ። ገጹን ባየው በእሳቱ ሰ ጽፌዋለሁ። በግዕዝ ግን በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ፀሐይ ወጣ፥ በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ግን ሌባ ወሰደ ማለት ነው። የኔታ ፀሐይ ያወጡበትን ስፍራ እኔ ሌባ አስገባሁበት። በጆሮ አይለይም፤ በእጅ ብቻ ይለያል። «ዓይኔ ቢኖር አልጠይቅህም ነበር» አሉኝ። እኔም የብርዑን ጀርባ አዙሬ ሰውን አጠፋሁና ሠን ጻፍሁ። የእሳቱ ሰ ጥላ በገጹ ላይ በስሱ ታይቶ ጠፋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቃሉ ፊደሉን ይጠይቁኛል። ከዚህም የተነሣ በቀን የምንጽፈው ከሁለት ቅኔ አይበልጥም። ፈጣን መሣሪያ ይዘን በዝግታ እንሠራለን፤ ነገር ግን የተጻፈው የታረመ ነው።

ስለ ጠፉት ሦስት ደብተሮች የሚጠይቀኝ ቢኖር፥ ሰሌዳው እነርሱን አልመለሰልኝም። ሰሌዳ ያልሰማውን አይጽፍም። ነገር ግን በየኔታ እግር ሥር አብረውኝ የተቀመጡ ሰዎች በቋሪት፥ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ይገኛሉ፤ አንዳንዱ መሪጌታ፥ አንዳንዱ ገበሬ፥ አንዱም ባለ ሱቅ ሆኗል። መንገድ ሲከፈት እየሄድሁ በቃላቸው የቀረውን ጠየቅኋቸው። ባለ ሱቁ ስኳር እየመዘነ ሁለት ጉባኤ ቃና ነገረኝ፤ ሦስተኛውን ግማሹን ብቻ አስታወሰና አፍሮ ዝም አለ። ግማሹንም ጻፍሁት። እስከ ዛሬ ከሦስቱ ደብተሮች የተመለሰው ዐሥራ ሰባት ቅኔ ነው። በደብተሮቹ ከሁለት መቶ በላይ ነበሩ።

ዐሥራ ሰባቱን ለየኔታ ባነበብሁላቸው ጊዜ፥ በአንዳንዶቹ «ይህ የእኔ ነው» አሉ፤ በአንዱ ግን፥ «ይህስ የእኔ አይደለም፤ ልጁ አሻሽሎታል» ብለው ፈገግ አሉ። አጥፋው አላሉኝም። በኅዳጉ የተናገረውን ተማሪ ስም ጻፍሁበት፥ በወሩም መጨረሻ ከሌሎቹ ጋር ታትሞ ወደ ዕቃ ቤቱ ገባ።

እንግዲህ ወዳጆቼ፥ እንዲህ ያለ ሰሌዳ ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ፥ ዋጋውንና ብርዑን፥ ቀለሙንና ብርሃኑን መመርመራችሁ መልካም ነው። ነገር ግን ከዚያ ሁሉ አስቀድማችሁ ቤታችሁ ያለውን አንድ ሕፃን ወይም አንድ ሽማግሌ ጠርታችሁ፥ ሰሌዳውን በእጁ ሰጥታችሁ፥ «እኔ የለሁም እንበል፤ ክፈትና አንብብ» በሉት። ከከፈተው ግዙት።